ስለ ሕፃናት ጭፈራና የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት
(በጭሮ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል)



ብዙዎቻችን ጭፈራ የሠርግና የበዓል ነው እንጂ የትምህርት ቤት አይደለም እንላለን። ነገር ግን ሕፃን ከፊደል አስቀድሞ የሚያውቀው የገዛ አካሉን ነውና፤ በእርሱ ቢጀምር ትምህርቱ አይከብደውም።

ይህችን ከተማ፤ የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪን፤ የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የደረሱ ናቸው። «ፋቡላ» በተባለው በዚያ ተውኔት የአውሬዎችን ተረት በመድረክ አቅርበው ስለ አገር አስተዳደር ቁም ነገር ተናገሩበት። ጨዋታ ቁም ነገርን እንዲሸከም ከዚህ እንረዳለን።

በአዲስ አበባም በ1996 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ጭፈራ አስተማረ፤ ከእነርሱም አዱኛ የተባለው የጭፈራ ጓድ ተነሣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መምህሩ ልጆቹን በክብ አቁሞ «ማሽላ ስትጠብቁ ወፍ እንዴት ታባርራላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ወንጭፍ እንደሚያዞር ሆኖ ያሳያል። ቀጥሎም «ይህንኑ በዝግታ አድርገው፤ ደግሞ ዝቅ ብለህ፤ ደግሞ ወፊቱን ሆነህ» ይበለው። መምህሩ ሲያጨበጭብ ሁሉም ባሉበት ቀጥ ይበሉ። በዚህ ልጁ ፍጥነትንና ዝግታን፤ ከፍታንና ዝቅታን፤ ከሁሉም ይልቅ ራሱን መግዛትን ይማራል። መምህሩ ግን «እኔን ምሰሉ» አይበል፤ ያ መቅዳት ነው እንጂ መፍጠር አይደለም። እግሩ የማይታዘዝለት ልጅም ተቀምጦ በእጁ ይጫወት፤ ማንም አይሳቅበት።

ሽማግሎች ሆይ፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተው የአባቶቻቸውን ሸጎዬ ይረሳሉ ብላችሁ ብትሰጉ ስጋታችሁ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ መጥታችሁ አሳዩአቸው፤ የአገሩን ወግና ሥርዓት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጁም የአባቱን ጭፈራ ካወቀ በኋላ ከራሱ ቢጨምርበት አትከልክሉት፤ አባቶቹም እንዲሁ አድርገዋልና።

በክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሰነፍ ስንለው እንኖራለን። ያ ልጅ አንድ ቀን ወንጭፉን ሲያዞር፤ ወፊቱንም ሆኖ ሲበር፤ ሰነፍ እንዳልነበረ መምህሩ ያን ጊዜ ያያል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገን ጥቂት ሜዳና በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።