መፈተሻ የሌለው መስመር



ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚጨነቀው ስለ ፎቶግራፉና ስለ ሰልፉ ነው። ዳሩ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው የስሙ አጻጻፍ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 መመሪያውን ያወጣለት፣ በመሣሪያ የሚነበበው ፓስፖርት በገጹ ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱም 44 ምልክት ይይዛል። በሁለተኛው መስመር የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የትውልድ ቀኑና የማብቂያው ቀን የየራሳቸው መፈተሻ አኃዝ አላቸው። አኃዞቹ በየተራ በ7፣ በ3 እና በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ10 ተካፍሎ የሚተርፈው መፈተሻው ነው። መሣሪያው አንዱን አኃዝ አሳስቶ ቢያነብ ሒሳቡ ያጋልጠዋል።

ስም የሚሰፍርበት የመጀመሪያው መስመር ግን መፈተሻ የለውም። በኢትዮጵያ ልማድ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይከታተላል እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። «ፀሐይ» የሚለውም ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። ስሙ በዲፕሎማው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት የሆነ መሐንዲስ በውጭ አገር የገዛ ትምህርቱ የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ይገደዳል። የትውልድ ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ከተሳሳተ፣ መፈተሻው ስሕተቱን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ንባቡን እንጂ እውነቱን አይመረምርምና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ከመፈረሙ አስቀድሞ ከልደትና ከትምህርት ማስረጃ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። የስም መፈተሻው ባለቤቱ ራሱ ነው።