የስፔን ደራስያን በውጭ አገር አንባቢ ያገኙት እንዴት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በንባብ ክበባችን ስም የተነገረ ንግግር)





ክበባችን በዚህ ዓመት በአንድ ጥያቄ ሲከራከር ከርሟል። ከመካከላችን ገሚሱ፥ «ጥሩ መጽሐፍ መንገዱን ራሱ ያገኛል፤ አጋዥ አያሻውም» አለ። ገሚሱ ደግሞ፥ «በውጭ አገር መነበብ የሚፈልግ ደራሲ የአገሩን ነገር ትቶ እንደ ውጭ ሰዎች መጻፍ አለበት» አለ። ክርክሩ መቋጫ ስላጣ፥ መጻሕፍቶቻቸው በብዛት የሚሸጡላቸውን የአንድ አገር ደራስያን ታሪክ ለመመርመር ወሰንን። የመረጥነውም ስፔንን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቀድሞው እንነሣ። ሚጌል ደ ሴርቫንቴስ የዶን ኪሆቴን የመጀመሪያ ክፍል በማድሪድ ያሳተመው በ1605 ዓ.ም. ነው። በ1612 ቶማስ ሼልተን ወደ እንግሊዝኛ፥ በ1614 ሴዛር ኡደን ወደ ፈረንሳይኛ መለሱት። ደራሲው በ1616 ሲሞት መጽሐፉ ከአገሩ ወጥቶ መነበብ ጀምሮ ነበር።

እርግጥ፥ የስፔን ደራሲ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ቋንቋው በ20 ያህል አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ስለ ሆነ፥ በባርሴሎና የታተመ መጽሐፍ በሜክሲኮና በአርጀንቲና ያለ ተርጓሚ ይነበባል። ነገር ግን ጀርመናዊውንና እንግሊዛዊውን አንባቢ ለማግኘት ይህ ዕድል አይበቃም።

ለዚህ የሀቪየር ማሪያስ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። «እንዲህ የነጣ ልብ» የተባለው ልብ ወለዱ በስፔን የወጣው በ1992 ነበር። በ1996 በጀርመንኛ ታትሞ ሳለ፥ ማርሴል ራይሽ ራኒትስኪ የተባለው ስመ ጥር ሐያሲ በቴሌቪዥን ስለ መጻሕፍት በሚደረግ ውይይት ላይ እጅግ አድርጎ አመሰገነው። ከዚያ በኋላ በጀርመን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1997 መጽሐፉ በአየርላንድ፥ በደብሊን ከተማ፥ ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፥ ገንዘቡን ደራሲው ከእንግሊዝኛ ተርጓሚው ከማርጋሬት ጁል ኮስታ ጋር ተካፈለ። ይህ ተገቢ ነው እንላለን፤ እንግሊዛዊው አንባቢ ያነበበው እያንዳንዱ ቃል ከእርሷ ብዕር የወጣ ነውና። ማሪያስ ራሱም አስቀድሞ ከእንግሊዝኛ ተርጓሚነቱ የታወቀ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ምስክራችን በ1964 በባርሴሎና የተወለደው ካርሎስ ሩዊስ ሳፎን ነው። «የነፋሱ ጥላ» የተባለውን መጽሐፉን በ2000 ለአንድ ውድድር አቅርቦ ለመጨረሻው ዙር ቢደርስም አላሸነፈም። በ2001 ሲታተምም ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ነገር ግን ያነበበው ላላነበበው፥ መጽሐፍ ሻጩም ለደንበኛው እየነገረ ስሙ ሰፋ። በጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዮሽካ ፊሸር በይፋ አመሰገኑት። በ2004 ሉሲያ ግሬቭስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ዛሬ በዓለም ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል። ሳፎን በ2020 ዐረፈ፤ በሕይወቱ ሳለ ግን መጽሐፉ ፊልም እንዲሆን ፈቃደኛ አልሆነም።

ሌሎቹ በፊልም ተጠቅመዋል። አርቱሮ ፔሬስ ሬቬርቴ ለ21 ዓመታት ያህል የጦርነት ዜና አቅራቢ የነበረ ጋዜጠኛ ነው፤ በ1977 የኤርትራን ጦርነት ለመዘገብ ወደ ስፍራው መጥቶ ነበር። በ1993 ያወጣው «የዱማ ማኅበር» አውሮፓ ሁሉ የሚያውቀውን የአሌክሳንድር ዱማን የሦስቱን ሙስኬተሮች ታሪክ መነሻ ስላደረገ፥ የውጭ አንባቢ እንደ እንግዳ አላየውም። በ1999 ከመጽሐፉ ፊልም ተሠራ። ማሪያ ዱዌንያስ የተባለችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ደግሞ በ2009 ከማድሪድ ወደ ሞሮኮ ስለ ተሻገረች አንዲት ልብስ ሰፊ ጻፈች፤ በ2013 ታሪኩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ሲቀርብ አንባቢዋ በዛ።

መንግሥቱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የስፔን መጻሕፍትን ለሚያስተረጉሙ የውጭ አሳታሚዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። በ1991 የቋንቋውን ትምህርት በውጭ አገር የሚያስፋፋውን የሴርቫንቴስ ተቋም አቋቋመ። በ2022 ስፔን በፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርዒት የክብር እንግዳ ነበረች።

እንግዲህ ክርክራችን ምን ፍርድ አገኘ? ሁለቱም ወገኖች ተረቱ። መጽሐፍ ብቻውን ድንበር አይሻገርም፤ ተርጓሚ፥ አሳታሚ፥ አይቶ የሚመሰክርለትም ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞም ደራሲው የአገሩን ነገር መጣል የለበትም። ሳፎን የጻፈው ከጦርነት በኋላ ስለ ነበረችው ስለ ተወለደባት ስለ ባርሴሎና ነው፤ ሴርቫንቴስም ስለ ላ ማንቻ ገጠር ነው የጻፈው። የውጭ አንባቢ የተከተላቸው ወደማያውቀው ሰፈር ስለ ወሰዱት ነው። ይሁን እንጂ፥ ብዙ የተሸጠ ሁሉ መልካም፥ ጥቂት የተሸጠ ሁሉ ደካማ ነው አንልም፤ የማሪያስ መጽሐፍ የጀርመንን አንባቢ ባላገኘበት ጊዜም ያው መጽሐፍ ነበርና።

ይህን ሁሉ ስንመረምር የራሳችን ነገር አሳሰበን። ዶን ኪሆቴ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የፈጀበት 7 ዓመት ነው። በዓሉ ግርማ በ1983 ያሳተመው ኦሮማይ ግን በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ የቀረበው በ2025፥ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። የጎደለው ምን ነበር? ታሪኩማ ነበረ፤ የዘገየው ተሸካሚው ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ የውጭውን ቋንቋ ስንማር አማርኛችንን የምንረሳ ከሆነ ድልድዩን በአንድ ወገን ብቻ መሥራት ይሆናል፤ ተርጓሚ የሚሆነው ሁለቱን አጥብቆ የያዘ ነው። ወላጆቻችንም ልብ ወለድ ስናነብ ብታገኙን ሥራ ፈቶች አድርጋችሁ እንዳታዩን አደራ እንላለን። ምናልባት ከእነዚህ ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት አንዱ የነገው ተሸካሚ ይሆናልና።