ቆመው የሚቀዝፉበትን የእንጨት ሳንቃ በቤት ስለ መሥራት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ሳምንቱን በወረቀትና በቀለም ሲደክም የሰነበተ የቢሮ ሰው፥ በዕረፍቱ ቀን መጋዝና መላጊያ ቢያነሣ ነውር የለበትም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት፥ እጅ የማይሠራበት አገር እንደማያድግ ስላወቁ ነው። እኔም ዛሬ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማ አንድ የእጅ ሥራ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም ሰው ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ እየቀዘፈ በውሃ ላይ የሚሄድበትን የእንጨት ሳንቃ በገዛ ቤቱ ስለ መሥራት ነው። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን ሳንቃው በጥልቅ ውሃ ላይ የሰው ነፍስ የሚሸከም ስለ ሆነ፥ የሠሪው ኀላፊነት ከጨዋታ ያለፈ ነው።

ሳንቃውን ከሩቅ የሚያይ ሰው ከአንድ ግንድ የተጠረበ ይመስለዋል። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40፥ ወርዱ 78 ሴንቲሜትር፥ የመካከሉ ውፍረት 11 ሴንቲሜትር የሆነ ሳንቃ፥ ጫፍና ጫፉ ሲሾልና ጠርዙ ሲከብብ፥ ይዘቱ ወደ 200 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ድፍን እንጨት ቢሆን፥ እንጨቱ ከቀላሎቹ ወገን እንኳ ቢሆን 80 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በደንብ የተሠራው የቤት ሳንቃ ግን ከ15 እስከ 18 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከየት መጣ? ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ሠሪው የሚሠራው እንጨቱን ሳይሆን በእንጨት የተከበበውን አየር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ዘዴ ያስፋፋው ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1902 የተወለደው ይህ ሰው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ) በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ሃዋይ ደሴቶች ሄደ። በሆኖሉሉ ከተማ በሚገኘው በቢሾፕ ቤተ መዘክር የጥንት የሃዋይ መኳንንት በማዕበል ላይ ይጋልቡባቸው የነበሩትን ረጃጅም ሳንቃዎች ተመለከተ። በ1926 የእነዚህን አምሳያ ሲሠራ ክብደቱን ለመቀነስ በእንጨቱ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ቀዳዳዎች በሳ፤ ከዚያም ከላይና ከታች በስስ እንጨት ሸፈነው። ቈይቶም ቀዳዳ መብሳቱን ትቶ፥ እንደ አውሮፕላን ክንፍ በጎድን አጥንት ላይ ስስ ጣውላ የለበሰ ሳንቃ ማበጀት ጀመረ፤ በ1932ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1937 ፖፑላር ሜካኒክስ የተባለው መጽሔት የአሠራሩን ንድፍ ባወጣ ጊዜ፥ ማንኛውም ትጉህ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ሆነ። እነዚህን ሳንቃዎች በባሕር ዳርቻ ሰው ሲሰጥም ደርሰው የሚያድኑ ዘበኞች ጭምር ተገልግለውባቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አረፋና ፋይበርግላስ መጡና እንጨቱ ተተወ። ይሁን እንጂ በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቆሞ መቅዘፍ ከሃዋይ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ሲዛመት፥ የቤት ሠሪዎች የብሌክን ጎድንና አከርካሪ እንደ ገና አነሡት።

በአየር መንሳፈፍ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ዳር ሰዎች ታንኳቸውን የሚያስሩት ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለ ሆነ እልፍ ጥቃቅን የአየር ጓዳዎች አሉት። አንዱ አገዳ ቢሰበር ሌላው ይሸከማል። ጉድለቱ ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚጠጣ እየወጣ በፀሐይ መድረቅ ያለበት መሆኑና ዕድሜው ማጠሩ ነው። ባዶው ሳንቃ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ነገር ግን ጓዳው አንድ ብቻ ስለ ሆነ በአንዲት ስንጥቅ የገባ ውሃ ሁሉን ይሞላል። የሥራው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

እስቲ ሂሳቡን እንመልከት። ቀዛፊው 75 ኪሎ፥ ሳንቃው 16 ኪሎ፥ ልብስና መቅዘፊያው 4 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 95 ነው። አርኪሜደስ እንዳስተማረው፥ የሚንሳፈፍ ነገር የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ይገፋል። ስለዚህ ከ200ው ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገባው ከግማሽ ያነሰው ነው፤ የቀረው ለማዕበልና ለመናወጥ መጠባበቂያ ነው። ነገር ግን ሳንቃው ውሃ ቢሞላ እንጨቱ ብቻውን የሚሸከመው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህ በውሃ ውስጥ ሆኖ የሚይዘውን ሰው ይደግፋል እንጂ ቆሞ የሚቀዝፈውን አይሸከምም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በመጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው አከርካሪ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ ይቈረጣል። የፊተኛው አፍንጫ ከ10 ሴንቲሜትር ባላነሰ ወደ ላይ እንዲቀና አድርጎ መቍረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሳንቃው በማዕበል ውስጥ ይተከላል። ቀጥሎ ጎድኖቹ በየ30 ሴንቲሜትሩ በአከርካሪው ላይ ይሰካሉ። እነዚህ ሁሉ ክብደት እንዲቀንሱ መካከላቸው ይበሳል። በዚህ አጥንት ላይ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ስስ ጣውላዎች ጎን ለጎን እየተጣበቁ ይለብሳሉ። እንጨቱ ቀላል፥ የደረቀ፥ ጕጥ የሌለበትና ጭረቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ለዚህ አይሆንም፤ ከባድ ነው፥ ሲደርቅም ይጣመማል። ተራው የእንጨት ኮላ ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ፥ ውሃ የማይፈታው ማጣበቂያ ብቻ ይፈለጋል።

የታችኛው ፊት ከለበሰ በኋላ፥ የላይኛው ከመዘጋቱ በፊት፥ ሠሪው መጋዙን አስቀምጦ መብራት ያንሣ። የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነው። ሳንቃው ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የሚያይ ዐይን፥ የሚገባ እጅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በመብራት ይመርመር፤ ኮላ ያልደረሰበት ቢገኝ ይሞላ። የውስጡ እንጨት አንድ ጊዜ ኢፖክሲ ይቀባ። መያዣው፥ መተንፈሻው፥ ከኋላ ሳንቃውን ቀጥ አድርጋ የምትመራው እንደ ዓሣ ክንፍ ያለች ጠፍጣፋ እንጨት የሚተከሉባቸው ድፍን ግንዶች አስቀድመው በየቦታቸው ይጣበቁ። አየሩ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ እያንዳንዱ ጎድን ቀዳዳ እንዳለው ይረጋገጥ። ይህ ምርመራ አንድ ምሽት ይፈጃል። ሥራውን ለመጨረስ የሚቸኵል ሰው የሚዘልለው ግን ይህንኑ ምሽት ነው፤ ሳንቃው ውብ ሆኖ ስለሚታይ የተዘለለውን ማንም አያውቅበትም። የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው።

መተንፈሻው ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። በማለዳ 20 ዲግሪ የነበረው የሳንቃው ውስጥ በቀትር ፀሐይ 45 ቢደርስ፥ የታፈነው አየር ግፊቱ በመቶ 8 ያህል ይጨምራል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን 2 ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ፊት ላይ ሲያርፍ፥ በሐዋሳ ሐይቅ ከፍታ እንኳ ከ1,000 ኪሎ በላይ ኀይል ይሆናል። ይህን የቻለ ስስ ጣውላና ኮላ የለም። ደግሞ የጋለው ሳንቃ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲጣል አየሩ ይሰበሰብና ከስንጥቁ ሁሉ ውሃ ይስባል። በባሕር ጠረፍ ተዘግቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ወዳላት ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሳንቃም፥ የውጭው ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ በመንገድ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በላይኛው ፊት ላይ በጥርስ የሚዘጋ ትንሽ የናስ ክዳን ይደረጋል። ከውሃ ሲወጣ ይከፈታል፤ ወደ ውሃ ሲገባ ይዘጋል። ዛሬ አየር የሚያሳልፍ ውሃ ግን የማያስገባ ክዳንም ይገኛል።

የላይኛው ፊት ከተዘጋ በኋላ ጠርዙ በመላጊያ ይከብባል፥ በብርጭቆ ወረቀትም ይለሰልሳል። ከዚያ በካሬ ሜትር ከ130 እስከ 200 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ጨርቅ ይነጠፍና ኢፖክሲ ይጠጣል። ኢፖክሲውን ሙቀቱ መብረድ ሲጀምር፥ ማለት ወደ ማታ መቀባት ይገባል። ማለዳ ቢቀባ በእንጨቱ ሕዋሳት ያለው አየር ሲሞቅ እየወጣ አረፋ ያበጃል። ኢፖክሲ ቆዳን ስለሚቈጣ ጓንት፥ የፋይበርግላስ ብናኝም ሳንባን ስለሚጐዳ የአፍንጫ መሸፈኛ የግድ ነው፤ ሥራውም ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን። ሲደርቅ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀብቶ በመተንፈሻው ቀዳዳ በአፍ ቀስ አድርጎ መንፋት ነው። አረፋ የተነፋበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለበት፤ ምልክት ይደረግበትና ይደፈን። የጎማ መንፊያ ግን አይሞከርም፤ ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል።

መቅዘፊያው ከቀዛፊው ቁመት ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ቢረዝም ይበቃል። ቀዛፊው ዋና የሚያውቅ፥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የለበሰ፥ ሳንቃውን በገመድ ከቍርጭምጭሚቱ ያሰረ ይሁን። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ቀን አይውጣ፤ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ገላው እንደ ሸራ ነፋሱን ስለሚይዝ መሄዱ ቀላል፥ መመለሱ ግን ጭንቅ ነው። በጣናና በሐዋሳ ጉማሬ፥ በጫሞም አዞ መኖሩን ማንም አይርሳ። የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ ወደ ሐይቅ መግባት ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህ ሥራ ከሚሰጠው ደስታ ይልቅ የሚያስተምረው ይበልጣል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንሠራው አብዛኛው ነገር ተሸፍኖ የሚቀር ነው። የቤት መሠረት በአፈር ይሸፈናል፤ የውሃ ቧንቧ በመንገድ ሥር ይቀበራል፤ የሂሳቡ መዝገብ ያማረ መግለጫ ተደርጎበት በሣጥን ይቈለፋል። ከሽፋኑ ላይ የሚቆመው ግን ሠሪው ሳይሆን ያላየውና ያመነው ሌላ ሰው ነው። የሳንቃው ሠሪ ከእኛ የሚለየው በገዛ ሥራው ላይ ቀድሞ ራሱ የሚቆም በመሆኑ ነው። ስለዚህ ከመዝጋቱ በፊት መብራቱን ያነሣል። እኛም በላዩ የምንቆመው እኛው ራሳችን እንደ ሆንን አስበን፥ ከመዝጋታችን በፊት መብራቱን እናንሣ።