ጌሾው ከጓሮ እስከ ጋን
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ ለጌሾ ላውለው ነው። ጌሾ በዕቅዳችንና በሪፖርታችን ብዙ ጊዜ «ሌሎች» በሚለው ረድፍ የሚገባ ተክል ነው። ነገር ግን በጓሮ ያለ ጥቂት እግር ጌሾ የጨውንና የደብተርን ወጪ እንደሚሸፍን እናቶች ያውቁታል። አንዴ ከጸደቀ ለብዙ ዓመታት ይለቀማል፤ በየዓመቱ እረሱኝ፣ ዝሩኝ አይልም።

ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ምሬትን የሚሰጥ ነው። ምሬቱ ከሚመጣባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ በሳይንስ ጌሾይዲን ይባላል፤ ስሙ ከእኛው ጌሾ የተወሰደ ነው። ቢራ ፋብሪካዎች ለዚሁ ተግባር የሚጠቀሙት ሆፕ የተባለ የሐረግ ተክል አበባ ሲሆን፣ የሀገራችን ፋብሪካዎች ከውጭ ያስመጡታል። በሁለቱ መካከል ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ልዩነት አለ። ሆፕ ከብቅሉ ውሃ ጋር ይፈላል። ከዚያ ዝቃጩ ተለይቶ፣ ፈሳሹ ቀዝቅዞ፣ ወደ መብላሊያው በርሜል ይተላለፋል፤ እርሾ የሚጨመረውም ያን ጊዜ ነው። በሆፑ ላይ የነበረው ተሐዋስ ሁሉ እሳት አግኝቶታል ማለት ነው።

የጠላ ጌሾ ግን ብዙውን ጊዜ እሳት አያይም። አሠራሩ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ ቅጠሉ ተወቅጦ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ብቅሉ፣ ቂጣው፣ የጌሾው እንጨትና እንኩሮው እየተከተሉ ይገባሉ። ጥንስሱ ወደ ጋን ሲገለበጥ ጌሾው አይጣልም፤ እንዳለ ይገባል፣ ጠላው እስኪጠለል ድረስም ከድፍድፉ ጋር ይከርማል። እርሾውም ከገበያ የተገዛ አይደለም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ የሚነሳ ነው። እንግዲህ በጌሾው ላይ ያለው ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ጋን ውስጥ ይገባል። ባለሙያዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ስንት ደክማ ስታበቃ፣ የእኛ ጌሾ አፈርና ሻጋታ ይዞ ከገባ ድካሟን ሁሉ አበላሸነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጠላ ሻጭ ጌሾ ስትገዛ የጆንያውን አፍ የማታየው። እጇን እስከ ታች ሰዳ ዘግና ታወጣለች፣ ታሸታለች። ታች ያለው ከሞቀ ወይም ከታፈነ ዋጋ ሳትጠራ ትሄዳለች።

ጌሾን ከሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ የሚብሰው እርጥበት ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ ወይም በመንገድ ዳር ሳይሆን በሰሌን ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ሳስቶ ይሰጣ፤ ይገላበጥ። ጨብጣችሁት ከእጃችሁ ላይ ከተፈረፈረ ደርቋል፤ ከተጣጠፈ ገና ነው። እንጨቱ ተቆራርጦና ተሰንጥቆ ለብቻው ይድረቅ፤ ከቅጠሉ የበለጠ ቀን ይፈልጋልና። ሁለቱን አብሮ መክተት የእንጨቱን እርጥበት ለቅጠሉ ማውረስ ነው። ደግሞም ገዢዋ ሁለቱን በየራሱ ነው የምትፈልገው፤ ጠጅ ጣዩ በአብዛኛው እንጨቱን ነው የሚሻው፤ ሲበቃው ከጠጁ ውስጥ ለማውጣትም ይቀለዋል። ደቆ የተደባለቀ ከሆነ ግን ማውጣቱ ችግር ነው፤ ከመጠን በላይ የቆየ ጌሾ ደግሞ ጠጁን ያመረዋል።

አሁን የምናገረው ለአንዳንዶቻችን አይጥም ይሆናል። ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት በቅጠሉ ላይ ውሃ እፍ የሚል አባል አለ። ጥቂት ኪሎ ይጨምርለት ይሆናል። ነገር ግን መጋዘን ውስጥ የሱ ጆንያ ሲሞቅ ከአጠገቡ ያለውም ይሻግታል፤ የደረቀ ጌሾ ያመጣችው ጎረቤቱም የሱን ዕዳ ትከፍላለች። አንዳንድ ሻጋታ ደግሞ መርዝ ያወጣል፤ ይህ መርዝ ቢያፈሉት እንኳ በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም። ሻጋታውን አራግፎ እንደገና ማስጣትም መፍትሔ አይሆንም። የሻገተ ጌሾ ይጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከረጢት ነው። እኛ ሀገር የፕላስቲክ ከረጢት ስሙ ራሱ «ማዳበሪያ» ሆኗል፤ ከልማዱ ብዛት የተነሳ ነው። ዩሪያ የነበረበት፣ ይልቁንም በመድኃኒት የታሸ ዘር የመጣበት ከረጢት ታጥቦም ቢሆን ለጌሾ አይሆንም። ጌሾ ሳይታጠብና ሳይፈላ የሚጠጣ ነገር ውስጥ እንደሚገባ አትርሱ። አየር የሚያስገባ ንጹሕ የቃጫ ጆንያ ይሻላል። የማኅበራችን መጋዘን ግብዓትና ምርት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚይዝ እንደመሆኑ፣ ፀረ ተባይና ጌሾ በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡ፣ ጆንያውም ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ እንዲደረደር የመጋዘን ሠራተኞቻችንን አደራ እላለሁ።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በአሁኑ አሠራር የደረቀውም የረጠበውም፣ ቅጠሉም እንጨቱም በአንድ ዋጋ ከተረከብን፣ ተጠንቅቃ ያደረቀችው አባል በሚዛኑ ተቀጣች ማለት ነው፤ የደረቀ ይቀላልና። ስለዚህ ከመጪው ለቀማ ጀምሮ ቅጠልና እንጨት በየራሱ ዋጋ ይገመት፤ ርክክቡ ላይ ጆንያው እስከ ታች ይፈተሽ። ለፍተሻውም ከአባሎቻችን መካከል ጠላ በመጥመቅ የታወቁ ሁለት እናቶች ይመደቡ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ እስከዚያው የእነሱ እጅና አፍንጫ ይበቃናል። የአበላቸውን ነገር ኮሚቴው አብሮ ይይልኝ።