ጠባቧ መታጠቢያ ቤታችን

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ቡና እየጠጣን ስለ ቤት ጥበት ስንጨዋወት፣ “እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?” ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ክፍል ብቻ ነው፤ ስለ መታጠቢያ ቤት። “ይህም ለስብሰባ ይቀርባል እንዴ?” የምትል እህት ካለች እስክንጨርስ ትታገሠን።

እኛ ቤት አራት ነን። እናታችን፣ እኛ ሁለት እህትማማቾችና የአራት ዓመት ልጃችን። አንዳችን በሂሳብ ሥራ፣ አንዳችን በልብስ ስፌት እንተዳደራለን። የምንኖረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ይህን ካልን መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ምን እንደነበረ መንገር አያስፈልገንም፤ የሁላችሁም ቤት ያው ነው። አንድ ትልቅ በርሜል፣ ስድስት ጀሪካን፣ የልብስ ሳፋ፣ ባልዲዎች፣ መወልወያ፣ በየጥጉ የኦሞና የበረኪና ዕቃ። ገላችንን የምንታጠበው ጎናችንን ለበርሜሉ ሰጥተን፣ እግራችንን በጀሪካን መሀል ሰክተን ነበር። “ምን ይደረግ፣ ቤቱ ጠባብ ነው” እያልን ኖርን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እናታችን ተነሥተው ገቡ። ወለሉ እርጥብ ነበር። እግራቸው የጀሪካን እጀታ ያዘውና ወደቁ። ድምፁን ሰምተን ሮጠን በሩን ስንገፋ አልከፈት አለ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ኋላ እናታችንና ሙሉ ጀሪካን ወድቀዋል። አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ተገፋልን። እኛ ስንጮህ እሳቸው ከውስጥ፣ “አለሁ፣ አትጩኹ፤ ልጁን ትቀሰቅሱታላችሁ” ይሉናል። በመጨረሻ አንዳችን ክንዷን በክፍተቱ አስገብታ በዳበሳ የጀሪካኑን ክዳን ፈታች። ውሃው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ባዶውን ገፍተን ገባን። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ፈጅቷል። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆዩ።

እሱም አልፎ፣ አንድ ቀን ሻይ እያጠጣናቸው፣ “ይብቃኝ፤ ከመሸ መጠጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ” አሉን። ለምን ስንላቸው፣ “ሌሊት እዚያ መግባት ያስፈራኛል” አሉ። ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ሁሉ ውሃ ያጠራቀምነው ለቤተሰቡ ብለን ነበር። እናታችን ግን ውሃው መሀል ላለመግባት ብለው ሲጠማቸው ያድሩ ነበር።

በማግስቱ ሜትር ይዘን ገባን። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ መታጠቢያ ቤት ግን በሆድ አይሰፋም፣ መለካት አለበት። ወለሉ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ90 ነው፤ ይህም 2.28 ካሬ ሜትር ይሆናል። የሽንት ቤቱ መቀመጫና የእጅ መታጠቢያው 0.44 ይወስዳሉ። በርሜሉ 0.36፣ ስድስቱ ጀሪካን 0.45፣ ሳፋውና ባልዲዎቹ 0.30 ወሰዱ። በሩ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ደግሞ ወደ 0.38 ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለሰው የቀረው 0.35 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ወለላችን ላይ ያለው ሴራሚክ 30 በ30 ስለሆነ አራት ሴራሚክ ማለት ነው። አራት ሰው በአራት ሴራሚክ! ጠባብ ነው ያልነውን ክፍል እኛው ራሳችን ነበር ያጠበብነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን በተራ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ውሃውን ቆጠርን። ኩሽናው በር ላይ ደብተር ሰቅለን ለሁለት ሳምንት ውሃ በሌለበት ቀን የቀዳነውን ሁሉ ጻፍን። በቀን በአማካይ 80 ሊትር ሆነ። በሰፈራችን ፈረቃ ውሃ ሳይመጣ የሚቆየው ቢበዛ ሦስት ቀን ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገን 240 ሊትር ነው። በርሜሉ 200 ይይዛል፤ ሁለት ጀሪካን ሲጨመር 240 ሞላ። የቀሩት አራት ጀሪካኖች ለምን እንደቆሙ ማናችንም መልስ አልነበረንም። ሁለቱን ስንከፍታቸው ታቻቸው አተላ ይዟል፤ መቼ እንደተቀዱ የሚያስታውስ የለም።

እናታችን ግን ተቆጡ። በልጅነታቸው በእንስራ ውሃ ተሸክመው ያደጉ ሰው ናቸው። “ውሃ ከቤት ይወጣል እንዴ?” አሉ። ልክ ናቸው፤ የውሃን ችግር ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ አልተከራከርናቸውም። ደብተሩን አነበብንላቸው። ሁለት ጀሪካን ለመጠባበቂያ ኩሽና ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይቀመጥ፣ ሁለቱ ባዷቸውን ይውጡ ተባብለን ተስማማን። አሁን በየጀሪካኑ ላይ የተቀዳበትን ቀን እንጽፋለን። በሂሳብ ሥራ መጋዘን ውስጥ መጀመሪያ የገባ ዕቃ መጀመሪያ ይወጣል እንደምንለው ነው። የቆየው ውሃ ለመወልወያና ለሽንት ቤት ይሄዳል፣ አዲሱ ይተካል።

ሁለተኛ በሩን አዞርነው። አናጢ ጠርተን ወደ ውጭ እንዲከፈት አስደረግን። ዋጋው ከአንድ ወር የዕቁብ ክፍያችን ያነሰ ነው። ቁልፉም ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ሆነ። ከሁሉም ሥራ አንዱን ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህንን ሥሩ። ቦታ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው ከውስጥ ቢወድቅ ትደርሱለታላችሁ። በሩ ሲከፈት በመተላለፊያው የሚያልፈውን ሰው እንዳይመታ ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ሦስተኛ ወለል ላይ ያለውን ወደ ግድግዳ አወጣን። ከበሩ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ማንም የማይጠቀምበት ባዶ ቦታ አለ። ብየዳ ቤት ሄደን በቱቦላሬ መደርደሪያ አሠርተን፣ እንዳይዝግ አንቲረስት አስቀብተን እዚያ ሰቀልነው። ሶፍትና ትርፍ ሳሙና እዚያ ተቀመጠ። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ ደግሞ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ መደርደሪያ አደረግን፤ ከዚያ ከሰፋ የሚነሣን ሰው ጭንቅላት ይመታል። ከበሩ ጀርባ ለማበጠሪያውና ለጥርስ ብሩሹ ኪስ ኪስ ያለው ላስቲክ ሰፍተን አንጠለጠልን። መጥረጊያውና መወልወያውም ሚስማር ተመታላቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ከባድ ነገር ከላይ አይሰቀልም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ ቦታው ወለል ብቻ ነው። ከቧንቧው በላይና በታች፣ ወደ ጎኑም በቀጥታ መስመር ግድግዳ አትብሱ፤ የውሃው መስመር በዚያ ያልፋል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር ጭነት ሲበዛበት ተነቅሎ ይወጣል።

ለዚህም ነው የእናታችንን መደገፊያ በፊሸር ያላሠርነው። ጀሪካኖቹ በተነሡበት በኩል፣ ከመቀመጫው አጠገብ፣ ከጋልቫናይዝድ ቧንቧ የተሠራ መያዣ አስገጠምን። ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ በሌላው ወገን በብረት ሳህን ታሰረ። በመኝታ ቤቱ በኩል ስለሚታይ አያምርም። እኛ ግን ሁለታችንም ተንጠልጥለን ሞክረነዋል።

አራተኛ ልብስ ማጠቢያውን አስወጣን። ሳፋው ከግቢያችን የጋራ መገልገያ ቤት ሄደ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እናጥባለን። ደረጃ መውጣት መውረድ እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ሳፋ ለአንድ ቀን ሥራ ብሎ ሰባት ቀን ቦታ መያዝ የለበትም።

አምስተኛ ለልጃችን ስንል በርሜሉ ድፍን የሚገጠም ክዳን አገኘ። ትንሽ ልጅ በባልዲ ውሃም ሊሰጥም ይችላል፤ ክፍት ባልዲ ሞልቶ አያድርም። በረኪናው ልጁ ከማይደርስበት ከላይኛው መደርደሪያ ተቀመጠ፤ የሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ ደግሞ ከእርሱ ተለይቶ ሌላ ቦታ ሄደ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። እንደኛ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።

አሁን እንደገና እንደምር። አራት ጀሪካን ወጣ፣ 0.30። ሳፋና ባልዲ ተነሣ፣ 0.30። በሩ ዞረ፣ 0.38። ለሰው የነበረው 0.35 ዛሬ 1.33 ካሬ ሜትር ሆኗል። ከአራት ሴራሚክ ወደ አሥራ አምስት ሊጠጋ ማለት ነው። ግድግዳ አላፈረስንም፣ ሌላ ቤትም አልተከራየንም። በተገኘው ቦታ ላይ የፕላስቲክ ዱካ አኑረናል፤ እናታችን ተቀምጠው ገላቸውን ይታጠባሉ። ቦታው ሲገኝ አንዳችን ቆንጆ ቁም ሳጥን ቢጤ እናግባበት ብላ ነበር። ባዶ ቦታ ሲታይ መሙላት ያምረናል። ከእንግዲህ ግን ያ ቦታ ለዕቃ አይሰጥም፤ ሰው የሚዞርበት፣ ሲወድቅም የሚነሣበት ነው።

እናታችን ዛሬም ሌሊት ሲነሡ እንሰማቸዋለን። በሩን ወደ ውጭ ይከፍታሉ፣ መብራቱን ያበራሉ፣ መያዣውን ይይዛሉ። ስንተኛ ራስጌያቸው የምናስቀምጠው ብርጭቆ ውሃ ጠዋት ባዶውን ይገኛል።

እህቶቻችን፣ ስንጨርስ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመካከላችን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወይም እንደ እኛ አረጋዊ እናትና አባት የያዙ ብዙ ናቸው። ሁላችን ድሪል መግዛት አንችልም፤ ማኅበራችን ግን አንድ መግዛት ይችላል። ከቁጠባችን ላይ አንድ ድሪልና አንድ ሜትር ገዝተን በመዝገብ እየተዋዋስን እንድንጠቀም ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን። መዝገቡን እኛ እንይዛለን። ለዛሬ ግን ቤታችሁ ስትገቡ የመታጠቢያ ቤታችሁን በር ከፍታችሁ ቁሙና ለሰው ስንት ሴራሚክ እንደተረፈ ቁጠሩ። ከዚያም በቤታችሁ ላሉት ትልቅ ሰው፣ “ሌሊት እዚህ መግባት ያስፈራዎታል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁልን። እኛ ሳንጠይቅ ቆይተናል።