የፕሮግራመሮች ፈተናና የአራሚው ጣዕም
(በጫንጮ ከተማ፥ ለእረፍት ወደየቤታቸው በመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉት ተመርቀው በአዲስ አበባ ሥራ ሲጠይቁ፥ ብዙ ጊዜ ቤት ወስደው የሚሠሩት ፈተና ይሰጣቸዋል። ተፈታኙ ፕሮግራሙን ጽፎ ይልካል፤ የድርጅቱ ባለሙያ ያነበዋል፤ ከዚያም ወይ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፥ ወይም «አልተመረጥህም» የሚል አጭር መልእክት ይደርሰዋል። የአንድ ቤተሰብ ተስፋ በዚህ ንባብ ላይ ስለሚንጠለጠል፥ አራሚው የሚመዝነው ምንድን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩን ከከተማችን እንጀምር። ጫንጮ የወተት አገር ናት። ወተት ተረካቢው ላክቶሜትር ነክሮ፥ መለኪያው በሚሰምጥበት መጠን ውሃ የተጨመረበትን ይለያል፤ ሁለት ሰው ቢያነበው ቁጥሩ አንድ ነው። ነገር ግን የወተቱ ዕቃ በወይራ የታጠነ እንደ ሆነ፥ አንዱ ሽታውን ይወደዋል፤ ሌላው «ጢስ ጢስ ይሸታል» ብሎ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ሁለተኛው ጣዕም ነው።

የፕሮግራም ፈተናም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የተማሪዎችን ውጤት ደምሮ ደረጃቸውን በትክክል ማውጣቱ፥ የተሳሳተ ቁጥር ሲገባበትም አለመቆሙ በሙከራ ይረጋገጣል። ነገር ግን አንዱ ተፈታኝ ሥራውን ባንድ አጭር ፋይል ሲጨርስ፥ ሌላው በዐሥር ፋይሎች ይከፋፍለዋል። የፊተኛውን አንዱ አራሚ «ግልጽ» ሲለው ሌላው «የጀማሪ ሥራ» ይለዋል፤ የኋለኛውንም አንዱ «የተደራጀ»፥ ሌላው «ያለ ምክንያት የተወሳሰበ» ይለዋል። እንግዲህ የተለወጠው አራሚው እንጂ ሥራው አይደለም። ከዚህም በላይ ትእዛዙ «ሦስት ሰዓት ይበቃል» እያለ፥ አንዱ ከሥራ መልስ ሦስት ሰዓት፥ ሌላው ሦስት ቀን ይሠራበታል፤ አራሚው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያወዳድራል።

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልዮት የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን፥ የአንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት ቅጂ በብዙ አስተማሪዎች ቢያሳርሙ፥ ከመቶ የተሰጠው ማርክ ከ30 በታች ጀምሮ ከ90 በላይ ደረሰ። በጂኦሜትሪ እንዲህ ከሆነ፥ ብዙ መንገድ ባለው በፕሮግራም አጻጻፍ ምን ሊሆን ነው?

«ልምድ ያለው ዓይን መለኪያ የማያየውን ያያል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገ ሌሎች የሚያነቡትና የሚያሻሽሉት ፕሮግራም ግልጽ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ጣዕም ይወገድ አልልም፤ ጣዕም መሆኑ ይታወቅ እላለሁ። አራሚው የመጀመሪያውን ሥራ ከመክፈቱ በፊት፥ ለትክክለኛነት ስንት፥ ለግልጽነት ስንት ማርክ እንደሚሰጥ ጽፎ ለተፈታኙ ያስታውቅ። ሁለት ሰዎች ስምና ትምህርት ቤት ሳያዩ ለየብቻ አርመው፥ በተለያዩበት ላይ ይነጋገሩ። ተፈታኙም ቀርቦ «ለምን እንዲህ ጻፍህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮድ በሚጽፍበት በዛሬው ጊዜ ይህ ጥያቄ የግድ ሆኗል። ያልተመረጠውም ምክንያቱ ይነገረው። ወተቷ የተመለሰባት እናት ጥፋቱ ውሃ ይሁን ጢስ ሰምታ ትሄዳለች፤ ፕሮግራመሩስ ስለ ምን ሳይነገረው ይመለሳል?

እኅቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ ተፈታኞች ነን፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተን አራሚዎች እንሆናለን። ያን ጊዜ እኛን የሚመስለውን ሳይሆን ሥራውን የሚችለውን እንድንመርጥ፥ በየክበባችን አባል ስንመርጥ ከአሁኑ እንልመደው።