«መሣሪያው ከፍያለሁ ይላል»፤ ስለ ኮምፒዩተር መዝገብና ስለ ሸማቹ መብት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ሸማቹ መብት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ እምቢ ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ የኮምፒዩተር ሊቅም የሕግ አዋቂም አይደለሁም። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ ጥያቄው በመሠረቱ የመዝገብ ጥያቄ መሆኑ ታየኝ። መዝገብ ደግሞ የኛ እንጀራ ስለሆነ እሺ አልኩ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አዛውንት እናት አሉ። በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ኤቲኤም ከምንለው የገንዘብ መክፈያ መሣሪያ 4,000 ብር ለማውጣት ካርዳቸውን ከተቱ። መሣሪያው ጥቂት አጉረመረመ፤ ካርዱን መለሰ፤ ገንዘቡን ግን አልሰጠም። ወዲያው በስልካቸው የደረሰው መልእክት 4,000 ብር ወጪ መሆኑን ይናገራል። በዓሉ እንዳለፈ ወደ ቅርንጫፉ ሄዱ። በመስኮቱ የተቀመጠችው ወጣት በትሕትና ተቀብላቸው፣ ኮምፒዩተሯን ተመልክታ፣ «እማማ፣ መሣሪያው ከፍያለሁ ይላል» አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስት ጊዜም ይህንኑ ሰሙ። በአራተኛው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። በመንገድ ላይ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ልጄ፣ ገንዘቡስ ይቅር። ውሸታም ያለኝ ሰው ቢሆን በሽማግሌ እጠይቀው ነበር። ይህን ብረት በማን ልጠይቀው?»

እኔ ለኃላፊው ያቀረብኩት ጥያቄ ማናችሁም የምታቀርቡት ነው። በዚያን ዕለት በመሣሪያው ውስጥ የተጫነው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነበር? ተከፍሏል የተባለውስ ድምሩ ስንት ነው? ሣጥኑ ተከፍቶ ሲቆጠር የተገኘው ቀሪ ከዚህ ጋር ተመሳክሯል ወይ? ኃላፊው ቅን ሰው ነበሩና ወደ ጓዳ ገብተው መዝገቡን አስፈለጉ። በዚያ ቀን ከሣጥኑ 4,000 ብር ብልጫ ተገኝቷል። ብልጫውም ባለቤቱ እስኪታወቅ ድረስ ተብሎ በአንድ ጊዜያዊ ሒሳብ ላይ በሥርዓት ተመዝግቦ ተቀምጧል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድርጅቱ ትርፍ ገንዘብ በእጁ መኖሩን ያውቃል፤ ገንዘቤ አልደረሰኝም የሚሉ እናትም በመስኮቱ ፊት ቆመዋል። በጓዳውና በመስኮቱ መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ብዙ ሰዎች «ለመሆኑ ኮምፒዩተር ይሳሳታል ወይ?» ሲሉ ይጠይቁኛል። ከጎረቤቴ የደረሰው ነገር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሆናል። በድምርና በቅንስናሽ በኩል መሣሪያው ከኛ የተሻለ ታማኝ ነው። ስሕተቱ በብዛት የሚፈጠረው አንድ ሥራ በሁለት መሣሪያዎች መካከል ሲከፈል ነው። ከፋዩ መሣሪያ በመንገድ ዳር፣ የሒሳቡ መዝገብ ደግሞ በማእከል ይገኛል። ማእከሉ ወጪውን መዝግቦ «ክፈል» የሚለውን ትእዛዝ ሲልክ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ወይም የብር ኖቶቹ በመንገዳቸው ላይ ቢነከሱ፣ አንደኛው ወገን ሥራው ተፈጽሟል ብሎ ሲያምን ሌላው ሳይፈጽም ይቀራል። ስሕተቱን የሚሽር የመልስ መልእክት እንዲላክ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፤ ነገር ግን እርሱም በዚያው በተቋረጠው መስመር የሚሄድ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ማስላቱ ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ አገር የሒሳብ መምህር የሆኑት ቶማስ ናይስሊ፣ የኢንቴል ኩባንያ ያወጣው ፔንቲየም የተባለው የኮምፒዩተር አንጎል አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው መሣሪያው 1.33374 ይል ነበር። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ፣ ለሥራው ከፍ ያለ ትክክለኛነት የሚያስፈልገው መሆኑን ላስረዳ ደንበኛ ብቻ እለውጣለሁ አለ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሸጠው ኩባንያ፣ ጉድለቱ የሚጎዳው መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም በገዢው ጫንቃ ላይ አኖረው ማለት ነው። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኩባንያው ለጠየቀው ሁሉ ለመለወጥ ተገደደ፤ ለዚሁም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

የአሜሪካ ገዢ ብዙ ነበርና ጩኸቱ ተሰማለት። ለየብቻው የቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማየት ወደ ብሪታንያ መሻገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

የብሪታንያ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የኮምፒዩተር የሒሳብ ሥርዓት በመላ አገሪቱ ቅርንጫፎች ዘረጋ። ሥርዓቱን ያቀረበው የጃፓኑ ፉጂትሱ ነው። አብዛኞቹ ቅርንጫፎች የሚሠሩት በወኪሎች ሲሆን፣ ወኪሎቹም ሱቅ ያላቸው፣ በየመንደራቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የብዙዎቹ ሒሳብ ያለ ምክንያት ይጎድል ጀመር። የእርዳታ ስልክ ሲደውሉ፣ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ የተባሉ ብዙዎች ናቸው። ጉድለቱንም ከኪሳቸው እንዲሞሉ ተጠየቁ፤ ያጠራቀሙትን የጨረሱ፣ ከዘመድ የተበደሩ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ከዚያም ክሱ መጣ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማታለልና ሐሰተኛ ሒሳብ በመያዝ ተፈረደባቸው። ከነዚህ ውስጥ ወደ 700 የሚሆኑትን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር፤ በዚያ አገር ሕግ ድርጅት የወንጀል ክስ ለማቅረብ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት ነፍሰ ጡር እናት በዚሁ ምክንያት ወኅኒ ወርዳለች።

ፍርድ ቤቶቹ ለምን አመኑ? እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የብሪታንያ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ፣ ከኮምፒዩተር የወጣን ጽሑፍ በማስረጃነት የሚያቀርብ ወገን መሣሪያው በደኅና ይሠራ እንደነበር እንዲያሳይ ያስገድድ ነበር። ይህ ድንጋጌ እንዲሻር የተወሰነው በ1999፣ ሆራይዘን መዘርጋት በጀመረበት በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒዩተር በትክክል ሠርቷል የሚል ግምት ተወሰደ። ተቃራኒውን ማስረጃ ከየት ያመጣል? የመሣሪያው የውስጥ መዝገብ በከሳሹ እጅ ነው። ይባስ ብሎም የፉጂትሱ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው፣ ወኪሉ ሳያውቅ፣ የቅርንጫፉን ሒሳብ ለመለወጥ ይችሉ ነበር፤ ፖስታ ቤቱም ይህን ለብዙ ዘመን ሲክድ ኖሯል።

አለን ቤትስ የተባሉ በዌልስ አገር የሚኖሩ አንድ ወኪል ግን አልፈርምም አሉ። ያልሠራሁትን ጉድለት አልቀበልም በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ውላቸው ተቋረጠ። እርሳቸውም መሰሎቻቸውን ፈልገው አሰባሰቡ፤ 555 ሆነው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ጉድለት እንዲፈጥር የሚያደርጉ ስሕተቶች እንደ ነበሩበት ፈረደ። በሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ጥፋተኝነት ሰረዘ፤ በግንቦት 2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን ብዙዎች በአንድ ሕግ ነጻ አወጣ። በመካከሉ ሃያ ዓመት አልፏል፤ በሕይወት ያልጠበቁም ነበሩ።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ይህን ያህል ሐቀኛ ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ሆነ ሲባል፣ የሒሳብ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ነው። በወኪሉ ላይ የጎደለ መስሎ የታየ ገንዘብ ያልተሰረቀ ከሆነ፣ በሌላ በኩል በብልጫ ሊታይ ይገባዋል። ከጎረቤቴ 4,000 ብር ጋር ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው።

የጥንቶቹ እንግሊዞች በዚህ ረገድ ብልኆች ነበሩ። የግምጃ ቤታቸው ሒሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያዘው በእንጨት ነበር። የገንዘቡ ልክ በዘንጉ ላይ በጭረት ይመለከታል፤ ከዚያ ዘንጉ ለሁለት ይሰነጠቅና ለሰጪና ለተቀባይ ግማሽ ግማሹ ይደርሳል። አንዱ በስውር ጭረት ቢጨምር ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ ይጋለጣል። ይህ አሠራር እስከ 1826 ድረስ ቆይቷል። (ስምንት ዓመት ቆይቶ አሮጌዎቹን ዘንጎች እናቃጥል ብለው የፓርላማውን ሕንፃ ጭምር አቃጠሉት፤ መዝገብ የሚያቃጥል ሰው መቼም ደኅና ነገር አይገጥመው።)

እኔ በወጣትነቴ ጸሐፊ ሳለሁ የቁጠባ ደብተሩ ለኛ ያው ዘንግ ነበር። አስቀማጩ ሲመጣ በካርዳችን ላይ የጻፍነውን በደብተሩ ላይ እንጽፋለን፤ ከወጪ ቀሪውን አስታርቀን እንፈርማለን። ያ ሰው ፊደል ባይቆጥር እንኳ ልጁን አስነብቦ ያረጋግጣል። ዛሬ በእጁ የቀረው ከዚያው ከባለ መዝገቡ የተላከ የስልክ መልእክት ነው። ወደ ደብተሩ እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ወረፋውን የማስታውስ ሰው ነኝ። የጠፋው ግን ሁለተኛው መዝገብ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

መንግሥት ይህን ነገር ለራሱ ጥቅም ሲሆን በሚገባ ተረድቶታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 ነጋዴው በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠቀም ሲያስገድድ፣ በነጋዴው ቃል ብቻ አልተማመነም። መሣሪያው ባለቤቱ የማይለውጠውና የማይሰርዘው የታሸገ ማኅደር እንዲኖረው አደረገ። ለግብር ሲሆን እንዲህ ተጠንቅቀናል። ለሸማቹ የቀረለት ግን ከዚያው መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ ነው፤ እርሱም በሙቀት በሚጻፍ ወረቀት ላይ ስለሚታተም፣ ፀሐይና ሙቀት ካገኘው ይደበዝዛል። የአንድ ዓመት ዋስትና ተሰጥቶት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው፣ ዕቃው በአሥረኛው ወር ሲበላሽበት ባዶ ወረቀት ይዞ ሊቀርብ ይችላል። እኔ በበኩሌ ደረሰኙን በገዛሁበት ዕለት ፎቶግራፍ አነሣዋለሁ፤ ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ሕግ የለም ለማለት አልችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለማየትና ስሕተቱን ለማስታረም እንዲችል አድርጓል። ጎረቤቴም ከመስተንግዶው በኩል ቅር አልተሰኙም። ከወጣቲቱ ያጡት ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ የባንክና የቴሌ ባልደረቦቻችን የሚያነሡትን ክርክር አውቀዋለሁ። «አልደረሰኝም ያለውን ሁሉ ብናምን አጭበርባሪ ይወረናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በሥራ ዘመኔ አልደረሰኝም ብሎ የማለ፣ ፊርማውን ባሳየነው ጊዜ ያቀረቀረ ደንበኛ አይቻለሁ። የኔ ጥያቄ ደንበኛው ሁሉ ይታመን የሚል አይደለም። መዝገቡን የያዘው ወገን መዝገቡን ከፍቶ ያስረዳ ነው። ይህን ለማድረግም አቅም እንዳለ አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በተፈጠረ እክል፣ ደንበኞች በአንድ ሌሊት በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማን ስንት እንደ ወሰደ ለይቶ አብዛኛውን አስመለሰ። ስሕተቱ ወደ ደንበኛው ባጋደለ ጊዜ ይህን ያህል ጥርት ያለ መረጃ ከተገኘ፣ ስሕተቱ ወደ ድርጅት ሲያጋድል ለአንዲት ባልቴት 4,000 ብር አራት ምልልስ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይገባኝም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው አንድ ሐሳብ ነው። ኦዲት ስናደርግ ባለቤቱ ያልታወቀ ብልጫ የሚቀመጥበትን ሒሳብ እናያለን፤ ድምሩ ከመዝገቡ ጋር ከተስማማ እናልፋለን። እኔም ለሠላሳ ዓመት እንዲሁ አልፌዋለሁ። የደንበኞች አቤቱታ መዝገብ ግን የሒሳብ ሰነድ አይደለም ብለን አንከፍተውም። ከእንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ቀን ከቀን፣ ገንዘብ ከገንዘብ እናመሳክር። የአቤቱታ መዝገብ የሌለው ድርጅት ቢገጥመን ይህንኑ በሪፖርታችን ላይ እናስፍር። የሥራ መመሪያው ረቂቅ በአባሪነት ስለ ተዘጋጀ፣ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት ላይ ትችታችሁን እጠብቃለሁ።

ጎረቤቴ ገንዘባቸው በአምስተኛው ቀን ተመለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዝተዋል። ከመሣሪያው ገንዘብ ባወጡ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን ልክ የልጅ ልጃቸው ትጽፍላቸዋለች፤ በወር አንድ ጊዜም ይዘውት ወደዚያች ወጣት መስኮት ይሄዳሉ። በመጀመሪያ «እማማ፣ እኔ እዚህ ላይ መፈረም አልችልም» ብላቸው ነበር። አሁን ከኮምፒዩተሯ ጋር አስተያይታ በእርሳስ ምልክት ታደርግላቸዋለች።